ገብስማ፣ ወሰራ፣ ዝግርማ፦ የጎጃም ዶሮ ቀለም ታሪክ

ለፋሲካ ሰሞን በቢቸና ወይም በሞጣ ገበያ የዶሮ ተራ የቆመ ሰው፣ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ሁለት ዶሮዎች ፈልግ ቢባል ይቸግረዋል። ቀዩ አውራ ዶሮ አንገቱ ወርቅማ ነው፤ የጅራቱ ጥቁር ላባ ፀሐይ ሲያገኘው አረንጓዴ ያብለጨልጫል። አጠገቡ ግራጫና ነጭ የተደባለቀባት ገብስማ እግሯ ታስሮ ተጋድማለች። ቀይና ነጭ የተቀላቀለባት ወሰራ አለች፤ በጥቁር ላይ ነጭ ነጠብጣብ የተረጨባት ዝግርማ አለች፤ ድፍን ጥቁር፣ ድፍን ነጭ፣ አንገቷ ላባ የሌለው መላጣም አለች። ገዢው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ቀለም ያያል። ቀጥሎ አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ነጠላ ይሁን ድርብ ይመለከታል። ከዚያ አውራውን በሁለት እጁ አንሥቶ ክብደቱን ይገምታል፤ የደረቱን ላባ በትንፋሹ እፍ ብሎ ገልጦ ሥጋና ስቡን ያያል።

ይህ ሁሉ መልክ ዝም ብሎ የተገኘ አይደለም። የሰው እጅ፣ የጭልፊት ዓይንና የበዓላት አቆጣጠር በብዙ መቶ ትውልድ የመረጡት ነው። በእኔ እምነት የጎጃም ገበሬ በጓሮው የያዘው ትልቅ ሀብት ነው፤ እኛ ግን ታሪኩን በወጉ ተርከነው አናውቅም። ስለዚህ ከሥሩ እጀምራለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዶሮ ዘር አባት በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ እስከ ዛሬ የሚኖረው ቀዩ የዱር ዶሮ ነው። እርግጠኛ ሆኖ የቤት ዶሮ የሚባለው እጅግ ጥንታዊ አጥንት የተገኘው በመካከለኛው ታይላንድ ባን ኖን ዋት በተባለ ሥፍራ ሲሆን፣ ዕድሜውም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1650 እስከ 1250 ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። ይህን ያሳየው በ2022 የታተመ ጥናት ዶሮ ወደ ሰው የተጠጋችው በእህል ምክንያት መሆኑን ያመለክታል፤ ሰው ሩዝ መዝራት ሲጀምር የዱሩ ወፍ ከማሳው ዳር ሰፈረ። በዚያ ዘመን መልኩ አንድ ነበር። ወንዱ ቀይና ወርቅማ፣ ደረቱና ጅራቱ ጥቁር፤ ሴቷ ከደረቅ ቅጠል የማትለይ ቡናማ። ዛሬ በሞጣ ገበያ ከሁሉ በላይ ዋጋ የሚያወጣው ቀይ አውራ ዶሮ የዚያን የጫካ አባቱን መልክ ሳይለቅ የያዘ ነው።

ወደ እኛ አገር መቼ ደረሰች? በምሥራቅ ትግራይ ጉሎ መኸዳ ውስጥ መዝበር የሚባል፣ ከአክሱም መንግሥት በፊት የነበረ የመንደር ፍርስራሽ አለ። ሄሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዲአንድሪያ ከዚያ ቁፋሮ የወጡ የዶሮ አጥንቶችን መርምረው በ2016 ይፋ አደረጉ። አጥንቶቹ ከ2500 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው፤ ከግብፅ በስተደቡብ ካለው አፍሪካ ከተገኙት ሁሉ ቀደምት የሚባሉ ናቸው። እንግዲህ ዶሮ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ የገባችው አክሱም ሐውልቱን ከማቆሙ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ነው። በቀይ ባሕር ንግድ መጣች ወይስ በአባይ ሸለቆ ከግብፅ ወጣች የሚለው ክርክር አልተዘጋም። የዶሮዋ ደም ከአንድ ምንጭ ብቻ እንዳልመጣ ግን ከአካሏ ራሱ ማየት ይቻላል፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅሙ ዘመን ስለ ዶሮ ብዙ አልተጻፈበትም። በ1520ዎቹ አገራችንን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጉዞ መጽሐፉ ዶሮን ይጠቅሳል፤ ቀለሟን ግን የመዘገበልን የለም። ይሁን እንጂ ምርጫው እንዴት ይካሄድ እንደነበር የዛሬው የገጠር ኑሮ ይናገራል።

የመጀመሪያው መራጭ ጭልፊት ነው። የእነማይ ወረዳ መሬት፣ በተለይ በቢቸና ዙሪያ ያለው ሜዳ፣ ጥቁር ዋልካ ነው። በዚህ አፈር ላይ የምትጭር ነጭ ጫጩት ከሰማይ ትታያለች። ቡናማዋ፣ ገብስማዋና ዝግርማዋ ግን ከገለባና ከአፈር ጋር ተመሳስለው ያመልጣሉ። ገበሬዎች ነጭ ዶሮ ለጭልፊት ትጋለጣለች የሚሉት በዓይናቸው አይተው ነው። ነጭ ዶሮ ፈጽሞ አልጠፋችም፤ እንዳትበዛ ግን ሰማዩ ይቆጣጠራታል። ሌሊት ደግሞ ሸለምጥማጥ አለ፤ እርሱ ግን በቀለም አይመርጥም።

ሁለተኛው መራጭ እምነት ነው። ቤተ ክርስቲያን አጥብቃ ብታወግዘውም፣ በዛርና በጥንቆላ ዙሪያ ያለው ልማድ የዶሮ ቀለም ያዛል፤ ለአንዱ ጥቁር፣ ለአንዱ ቀይ፣ ለሌላው ገብስማ ወይም ወሰራ። የታዘዘችው ዶሮ ቀለሟ ከተዛነፈ አይሆንም። በዚህ የተነሣ በጠቅላላ ገበያ የማትፈለግ መልክ ያላት ዶሮ አንዳንድ ቀን ካሰቡት በላይ ታወጣለች። በተቃራኒው በብዙ ክርስቲያን ቤት ጥቁር ዶሮ ለበዓል አትታረድም፤ ምክንያቱም ከዚያው ከጥንቆላ ጋር ስሟ ስለተነሣ ነው። ልማዱን ማንም ሰው መደገፍ የለበትም። ግን አንድ ሐቅ መካድ አይቻልም፦ ብርቅ የሆኑ መልኮች በየጓሮው ተጠብቀው እንዲቆዩ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ፍላጎት ነው።

ሦስተኛው የበዓል ቀን መቁጠሪያ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በዚያ ሁሉ ቀን ዶሮ አይታረድም፣ እንቁላል አይበላም፣ ዋጋም ይወርዳል። ጾሙ ሊፈታ ሲል ደግሞ ገበያው በአንድ ሳምንት ይፈነዳል። እንቁጣጣሽና ገናም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ በጎጃም መንደር አውራ ዶሮ የሚመረጠው ዓመቱን ሙሉ በዝግታ አይደለም፤ በጥቂት ቀናት፣ በችኮላ፣ በገበያ ዋጋ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ የታሪኩ መጨረሻ የሚዞረው በእርሱ ላይ ነው። እግረ መንገዴን፣ በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ተክል ስለሆነ 12 ብልት የሚወጣለት ቀዩ ዶሮ ወጣችን ዛሬ በምናውቀው መልኩ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ሊኖር አይችልም ነበር። ዶሮዋ ከወጧ በ2000 ዓመት ትቀድማለች።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአውሮፓ ሌላ ዓይነት ምርጫ ተጀመረ። ከቻይና የመጡ ግዙፍ፣ እግራቸው ላባ የለበሰ ዶሮዎች ለንግሥት ቪክቶሪያ ቀረቡ፤ በ1845 በለንደን የእንስሳት ማቆያ የዶሮ ትርኢት ተካሄደ። ከዚያ ወዲህ ሀብታም ሁሉ ለሥጋና ለእንቁላል ሳይሆን ለመልክ ማርባት ያዘ። አንድ ዝርያ አንድ ቀለም ብቻ እንዲኖረው፣ ያፈነገጠው እንዲወገድ ደንብ ተጻፈ። የጎጃም ገበሬ መልኮችን አንድ ጓሮ ውስጥ ሲያኖር፣ የእንግሊዝ አርቢ እያንዳንዱን መልክ ለየብቻው ቆለፈበት።

ቻርልስ ዳርዊን ይህን በትኩረት ተከታትሏል። በ1868 ባሳተመው ስለ ቤት እንስሳትና አዝርዕት መለዋወጥ በሚያትተው መጽሐፉ፣ ቀለማቸው የተለያየ የዶሮ ዝርያዎችን ሲያዳቅል ከማንኛውም ወላጅ ያልታየ የዱሩ ዶሮ ቀይ መልክ ተመልሶ ብቅ ማለቱን ጽፏል። ከዚህም ተነሥቶ የቤት ዶሮ ሁሉ ከቀዩ የዱር ዶሮ ወረደ አለ። ለምን እንደሚመለስ ግን አላወቀም። የቢቸና ባልቴትም ከጥቁርና ከነጭ እናቶች ቀይ ጫጩት ሲፈለፈል ‹‹አያቱን መሰለ›› ትላለች፤ ያየችው ዳርዊን ያየውን ነው።

መልሱ የመጣው በ1900 የግሪጎር ሜንዴል የአተር ጥናት ከተረሳበት ሲነሣ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ቤትሰን በ1902 የሜንዴል ሕግ በእንስሳም እንደሚሠራ ሲያሳይ የተጠቀመው በዶሮ ነበር። የአናት ሥጋ ቅርጽ፣ የላባ ቀለም፣ ሁሉም ከአባትም ከእናትም በሚወረሱ የዘረመል ጥንዶች እንደሚወሰን ታየ። እዚህ ላይ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል፤ ጓሮው ውስጥ የሚሆነውን የሚገልጠው ይህ ነውና።

የዶሮ ላባ የሚቀባው በሁለት ቀለም ብቻ ነው፤ አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ቀይ። ነጭ የሚባለው ቀለም ሳይሆን የሁለቱም አለመኖር ነው። ሁለቱ ቀለሞች የትኛው ላባ ላይ፣ መቼና ምን ያህል እንደሚፈስሱ የሚወስኑ ብዙ ዘረመሎች አሉ። አንዱ ጥቁሩን በመላ አካሏ ያስፋፋዋል፤ ድፍን ጥቁር ትሆናለች። ሌላው የላባውን ጫፍ ብቻ ነጭ አድርጎ ይተወዋል፤ በጥቁር ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይመጣል። ይህ የነጭ ጫፍ ዘረመል ተደብቆ የሚሄድ ነው። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰችው ዶሮ ድፍን ጥቁር ናት፤ ምንም ምልክት የላትም። ሁለት እንዲህ ያሉ ጥቁሮች ሲጣመሩ ግን በአማካይ ከ4 ጫጩት 1ዱ ነጠብጣብ ይሆናል። ጎረቤት ‹‹የማን አውራ ዶሮ ገባባት?›› ብሎ ይጠይቃል። ማንም አልገባባትም። መልኩ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ በጥቁሮቹ ውስጥ ተቀብሮ ቆይቶ ነው።

ሌላ ግኝት በ1908 ገደማ በአሜሪካና በእንግሊዝ ወጣ። በላባው ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር እየተፈራረቀ የሚሄድበት መልክ ከጾታ ጋር ተያይዞ የሚወረስ ሆኖ ተገኘ። በወፎች ዘንድ ወንዱ ሁለት አንድ ዓይነት የጾታ ክሮሞዞም ሲኖረው ሴቷ ያላት አንድ ብቻ ነው። የመስመሩ ዘረመል ያለው በዚያ ክሮሞዞም ላይ ነው። ስለዚህ ባለ መስመር ሴት ዶሮ መስመር ከሌለው ጥቁር አውራ ዶሮ ስትራባ፣ ወንዶች ልጆቿ ሁሉ ባለ መስመር፣ ሴቶቹ ሁሉ ጥቁር ይሆናሉ። ከእንቁላል በወጡ ዕለት እንኳን ወንዱ አናቱ ላይ ባለው ነጭ ምልክት ይታወቃል። የካምብሪጁ ሬጂናልድ ፑኔት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የማይፈለጉ ወንድ ጫጩቶች መኖ እንዳይፈጁ በዚህ ዘዴ ይለዩ ሲል ሐሳብ አቀረበ። የላባ ቀለም ጌጥ ብቻ መሆኑ ያበቃው ያን ጊዜ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የውጭ ዝርያ በስፋት መግባት የጀመረው በ1950ዎቹ የእርሻ ትምህርት ቤቶች ሲቋቋሙ ነው። የጅማው ትምህርት ቤትና የዓለማያው ኮሌጅ ነጭ ሌግሆርንን፣ ሮድ አይላንድ ሬድን፣ ኒው ሃምፕሻየርንና ሌሎችንም አስመጥተው ማርባት ጀመሩ። በጎጃምና በጎንደር በኩል ይህን ሥራ የወሰደው ከባሕር ዳር በስተደቡብ የሚገኘው የአንዳሳ ማዕከል ነበር። ለገበሬው የሚታደለው አንዳንዴ ጫጩት፣ አንዳንዴ የሚታቀፍ እንቁላል፣ አንዳንዴም አውራ ዶሮ ነበር። አውራ ዶሮ የሚሰጠው ገበሬ የራሱን አገር በቀል አውራዎች እንዲያስወግድ ይመከር ነበር።

ነጩ ሌግሆርን በጎጃም አልቀናውም። እንቁላሏ ብዙ ነው፤ ግን ጭልፊት ያያታል፣ መታቀፍ አታውቅም፣ ፈንግል ሲገባ ቀድማ ትወድቃለች። ደግሞ ነጭነቷ ገዢ ዘረመል ነው፤ ከቀይ አገር በቀል ጋር ስትዳቀል ልጆቿ ከጥቂት ጥቁር ነጠብጣብ በቀር ነጭ ይሆናሉ። ገበሬው ቀለሙ ከጓሮው የጠፋ መሰለው። ሆኖም በልጅ ልጆቹ ቀዩም፣ ጥቁሩም፣ ወሰራውም ተመልሶ ወጣ፤ ነጩ ሸፍኖት እንጂ አላጠፋውም ነበር። ሮድ አይላንድ ሬድ ግን ሌላ ዕድል ገጠመው። ጥቁር ቀይ ነው፤ ግዙፍ ነው፤ የሞጣ ገዢ ከሚወደው መልክ ጋር ተስማማ። በምሥራቅ ጎጃም ብዙ ጓሮ ዛሬ የሚታየው ድፍን ደማቅ ቀይ፣ ወርቅማ አንገት የሌለው አውራ፣ የዚያ ዘመን ደም ያለበት ነው ብዬ አምናለሁ። ገበሬው ሳይንሱን ሳይሰማ በቀለሙ ተቀበለው፤ ባለሙያዎቹ ደግሞ ያን ጊዜ ስለ ቀለም የጠየቁት አልነበረም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነበር።

በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ቀለምን ብቻ የሚጠይቁ አርቢዎች ያንኑ የሜንዴልን የውርስ ሕግ ወደማይታሰብ ቦታ ወሰዱት። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የደቡብ አሜሪካውን ዘንዶ፣ ቦአን፣ በቤታቸው የሚያራቡ ሰዎች ጥቁር ቀለም የሌላቸው ነጭና ብርቱካንማ ቦአዎችን አወጡ። አርቢዎቹ የደረሱበት አስተማሪ ነገር አለ። በአርቢዎቻቸው ስም ካልና ሻርፕ የሚባሉ ሁለት የነጭ ቦአ ዘሮች አሉ። ሁለቱም አንድ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ሲዳቀሉ የሚወለዱት ልጆች ነጭ አይደሉም፣ የዱሩን መልክ ይዘው ይወጣሉ። የእያንዳንዱ ነጭነት ምክንያት የተለያየ ዘረመል ነውና አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላዋል። ይህ ለእኛም ይሠራል። ሁለት ጎረቤቶች ያላቸው ነጭ ዶሮ አንድ ዓይነት ነጭ ላይሆን ይችላል፤ ሁለት ዝግርማም አንድ ዓይነት ዝግርማ ላይሆኑ ይችላሉ። በዓይን አንድ የሚመስለው በደም ሁለት ሊሆን ስለሚችል፣ ‹‹እንዲህ ዓይነቷ በየመንደሩ ሞልታለች›› ብሎ ማቃለል አይገባም።

አዲሱ ምዕተ ዓመት ሲገባ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የራሳችንን ዶሮ መመልከት ጀመሩ። ሐሊማ ሐሰን ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ሰባት አካባቢዎች አገር በቀል ዶሮዎችን መዝግባ፣ ከሮድ አይላንድ ሬድ ጋር አነጻጽራ፣ ሥራዋን በ2007 በደቡብ አፍሪካ ፍሪ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት አቀረበች። ከሰባቱ አንዱ የምሥራቅ ጎጃሙ ደብረ ኤልያስ ነው፤ ከሌሎቹም ጥሊሊና መጫ ይገኙበታል። የላባ ቀለም፣ የአናት ሥጋ ቅርጽ፣ የእግር ቀለም አንድ በአንድ ተቆጠረ። ንጉሤ ዳና ደግሞ ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2008 ደብረ ዘይት ላይ ሆሮ የሚባለውን አገር በቀል ዶሮ በትውልድ በትውልድ እየመረጠ የማሻሻል ሥራ ጀመረ። ከዚያ በፊት በየገጠሩ ገበሬዎችን ምን ዓይነት ዶሮ ትወዳላችሁ ብሎ ሲጠይቅ፣ ቀለምና የአናት ሥጋ ቅርጽ ዋጋ እንደሚወስኑ ከመልሳቸው ተረዳ። በ1950ዎቹ ያልተጠየቀው ጥያቄ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ተጠየቀ።

በዚያው አሥር ዓመት ኩኩ የተባለው ዝርያ ከደቡብ አፍሪካ ደብረ ዘይት ገባ። ፖቸፍስትሩም በተባለች ከተማ በ1950ዎቹ ከጥቁር አውስትራሎርፕ፣ ከነጭ ሌግሆርንና ከባለ መስመሩ ፕሊማውዝ ሮክ የተገኘ ነው። መልኩ ጥቁርና ነጭ መስመር የሚፈራረቅበት ስለሆነ፣ ያ ከጾታ ጋር የሚወረስ ዘረመል አብሮት መጣ። ወንዱ ሁለት እጥፍ ስለሚወርስ ነጣ ይላል፤ ሴቷ ጠቆር ትላለች። ኩኩ በገባበት መንደር ከአገሩ ዶሮ ጋር ሲደባለቅ ከዚያ በፊት ያልነበረ መስመር ያለው መልክ መውጣቱ አይቀርም። ከሩቅ ያየው ሰው ዝግርማ ይለዋል። ቀረብ ብሎ አንዲት ላባ ነቅሎ ላየው ግን ይለያል፤ የነባሯ ዝግርማ ላባ ጥቁር ሆኖ ጫፉ ብቻ ነጭ ነው፣ የኩኩ ልጅ ላባ ግን ከሥር እስከ ጫፍ ጥቁርና ነጭ መስመር ይፈራረቅበታል።

ዓለም ደግሞ እነዚህን መልኮች የሚያመጡትን ዘረመሎች አንድ በአንድ ለየ። የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2004 የሌግሆርንን ገዢ ነጭ፣ በ2009 ነጠላ ካልሆኑት የአናት ሥጋ ዓይነቶች የአንዱን ምክንያት አገኙ። በ2011 ስኮትላንድ ውስጥ የመላጣ አንገት ምክንያት ተገኘ፤ መላጣ ዶሮ ሙቀት በአንገቷ ስለሚወጣላት ቆላ ይመቻታል። እኔን ከሁሉ በላይ የደነቀኝ ግን የ2008ቱ ነው። የዶሮን እግርና ቆዳ ቢጫ የሚያደርገው ዘረመል ከቀዩ የዱር ዶሮ አልመጣም፤ የመጣው ከሕንድ ግራጫ የዱር ዶሮ ነው። በቢቸና ገበያ ተገልብጣ የተንጠለጠለች ቢጫ እግር ያላት ዶሮ በእግሯ ሕንድን፣ በላባዋ ታይላንድን ይዛለች ማለት ነው። ቀደም ሲል ደሟ ከአንድ ምንጭ ብቻ አልመጣም ያልሁት ለዚህ ነው።

ያለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ግን ከበፊቱ ሁሉ ፈጣን ናቸው። በ2010 የተመሠረተው ኢትዮ ቺክን የፈረንሣዩን ሳሶ ጫጩት በገፍ ማስፈልፈል ጀመረ። የአንድ ቀን ጫጩቶችን ተቀብለው ከ45 እስከ 60 ቀን የሚያሳድጉ ሰዎች ለገበሬው ቄቧን ይሸጣሉ። ሳሶ ቀላ ያለች፣ ቶሎ የምታድግ፣ በጓሮም መኖር የምትችል ስለሆነች እጅግ ተወደደች። መወደዷም ይገባታል፤ ብዙ እናት እንቁላል ለልጇ ያበላችው በእርሷ ነው። ይህን ሥራ የሚነቅፍ ሰው ገጠርን አያውቅም። ሆኖም ቁጥሩን እንይ። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2010/11 ሲቆጥር በአገሪቱ 49 ሚሊዮን ገደማ ዶሮ ነበር፤ ከዚያ 97 በመቶው አገር በቀል ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ በ2020/21 ዶሮው ወደ 57 ሚሊዮን ሲያድግ አገር በቀሉ ወደ 79 በመቶ ወረደ። 2500 ዓመት የፈጀው ቀስ በቀስ የተሠራ ነገር በአንድ አሥር ዓመት እንዲህ ተነቀነቀ።

ሳሶ ድቅል ናት። ልጆቿ እርሷን አይመስሉም፤ ለማስቀጠል በየጊዜው ከፋብሪካው መግዛት ግድ ነው። የሐበሻዋ ዶሮ ግን ራሷ ትጥላለች፣ ራሷ ትታቀፋለች፣ ራሷ ታሳድጋለች። የቀለሟ ብዛት የዚያ ራሷን የመቻሏ ምልክት ነው፤ ከላባዋ ጋር የሚጓዙ ሌሎች ዘረመሎች፣ በሽታን የመቋቋም፣ በጥቂት ምግብ የመኖር፣ ከደጋ ብርድ ጋር የመላመድ፣ እርሷ ስትጠፋ አብረው ይጠፋሉ።

ከፋብሪካው ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የራሳችን የበዓል ገበያ ነው። አንባቢ እንዲይዝልኝ የጠየቅሁት ነጥብ ይኸው ነው። በሞጣና በቢቸና ገጠር ከሚያድጉት ወንዶች ውስጥ መልኩ ያማረው፣ ግዙፉ፣ አናቱ ድርብ የሆነው ቀይ አውራ ለፋሲካ ቀድሞ ይሸጣል። የቢቸና መንገድ ደጀን ወርዶ፣ በአባይ በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ በ2008 የተከፈተው የህዳሴ ድልድይ ጉዞውን ይበልጥ አፈጠነው። የሾላና የመርካቶ ገዢ ምርጡን ይወስዳል። ጓሮ የሚቀረው ገዢ ያልፈለገው፣ ቀጭኑ፣ ትንሹ ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ጫጩቶች አባትም እርሱ ይሆናል። እንግሊዝ በ1840ዎቹ ምርጡን ለማርባት አስቀርቶ ደካማውን ወደ ድስት ላከ። እኛ በየፋሲካው የምናደርገው ግልባጩን ነው። ይህን የሚያስገድደን ማንም የለም፤ ችግሩ ለአንድ ሳምንት የሚመጣ ገንዘብ ነው።

መፍትሔውም በዚያው ልክ ቅርብ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ያላችሁ አርቢዎች፣ ከጫጩቶቻችሁ ውስጥ ከሁሉ የበለጠውን አንድ አውራ ለፋሲካ አትሽጡት፤ ከሰኔ በፊት አታውጡት። በመንደር ሦስት አራት ቤት ተስማምታችሁ አንዱ ቀዩን፣ አንዱ ገብስማውን፣ አንዱ ዝግርማውን ያስቀር፤ በየሁለት ዓመቱም ተለዋወጡት፣ ከገዛ ልጆቹ ጋር እንዳይራባ። የግብርና ባለሙያዎች፣ ለፈንግል ክትባት ወደ ቀበሌ ስትወርዱ የየቤቱን ዶሮ ቀለም መዝገባችሁ ላይ ጻፉት፤ አንድ ዓምድ ብቻ ነው የሚጨምረው። በአዲስ አበባ ለበዓል የምትገዙም ከቀዩ ውጭ ያለውን ሞክሩ፤ ገብስማዋም ወሰራዋም 12 ብልት ነው የሚወጣቸው።